ማመንጫው አይዘጋ ያልኩ ዕለት

ሰውዬውን ሳጥኔ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ለኔ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሳጥን የምለው ወተት የሚመላለስበትን የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ኦክላንድ፣ ቴሜስካል ሰፈር፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ አንዲት ባሏ የሞተባት ያገራችን ሴት ትንሽ ሱቅ ነበራት። በርበሬው፣ ሽሮው፣ የስልክ ካርዱ፣ የሚከራየው የቪዲዮ ካሴት ከዚያች ጠባብ ቤት አይጠፋም። እኔ መሃል ከተማ ፓርኪንግ ጠባቂ ነበርኩ። ከሥራ ስወጣ ወደ ቤቴ አልሄድም፤ ወደሷ ሱቅ ነው የምሄደው። ካርቶን አወርድላታለሁ፣ የተጣመመ መደርደሪያ አቃናላታለሁ፣ ፍሪዘሩ ማጉረምረም ሲያበዛ ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጌ ጀርባውን እጠርግላታለሁ። ከዚያ ሳጥኔን ፍሪዘሩ አጠገብ ገልብጬ፣ የታጠፈ ካርቶን ደልድዬባት እቀመጣለሁ። ሌላ ሰው ሊቀመጥባት ሲል «ተው፣ የጋሼ ናት» የምትለው እሷው ራሷ ነበረች።

የኔም ሚስት ከሞተች ቆይታለች። ለዚህች ሴት ግን አንድ ቀን እንኳ አፍ አውጥቼ ያልኳት ነገር የለም። ምን ብዬ? ስድሳን ያለፈ ሰው እንደ ጎረምሳ «ወደድኩሽ» ይላል እንዴ? ካርቶን ስሸከም ታየኛለች፣ ይገባታል ብዬ ነበር። ለሚገባው ሰው ካርቶን ይበቃል።

እና አንድ ቅዳሜ ስገባ፣ አምሳ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ትከሻው የሰፋ፣ ክንዱ በብየዳ ፍንጣሪ የተለበለበ ሰው ሳጥኔ ላይ ተቀምጧል። «ተው» አላለችውም።

«ጋሼ፣ ይተዋወቁ» አለችኝ። «ኑክሌሩ ጋ ነው የሚሠራው። በያጅ ነው።»

የኑክሌር ማመንጫው ከኛ ወደ ደቡብ፣ ከሳን ሆዜም አልፎ፣ ግማሽ ቀን ያህል የሚያስነዳ ባሕር ዳር ነው ያለው። ሰውዬው እዚያ ቧንቧ ይበይዳል። ለቅዳሴ ብሎ መጥቶ፣ ለዘመዶቹ የስልክ ካርድ ሊገዛ ገብቶ ነው የተዋወቁት።

ሲያየኝ ብድግ አለ። «ጋሼ፣ ይቀመጡ።»

ያናደደኝ እሱ ነው። ባለጌ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

«አልቀመጥም» አልኩ። ጉልበቴ እያመመኝ ቆሜ ዋልኩ።

ከዚያ ወሬ ቀጠለ። ሰውዬው ጣቱን ወደ ኮርኒሱ አነሳና «ይቺ አምፑል እኮ እኛ ጋ በመነጨው ነው የምትበራው» አለ። «ሽቦው ተራራውን ዞሮ፣ ሳን ሆዜን አልፎ፣ እስከዚህ ይደርሳል።»

አምፑሏን መሰላል ላይ ወጥቼ ያሰርኳት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ በተቃጠለች ቁጥር። እሷ ግን ያን ዕለት ገና ያየቻት ይመስል ቀና ብላ አየቻትና «እውነትህን ነው?» አለችው።

«እውነትህን»! እኔን በስንት ዘመን ትውውቅ «ጋሼ፣ እርስዎ» ከማለት ፈቀቅ ብላ አታውቅም። እሱን ገና ካርዱን ሳይፍቀው «አንተ»።

ዘመኑ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ነው፤ የመብራት ነገር ካሊፎርኒያን የሚያምስበት ጊዜ ነበር። መብራት እንደ ሌላው ሸቀጥ በውድድር ይሸጥ ተባለ። በውድድር ከሆነ ኑክሌሩ ውድ ነው፣ አያዋጣም፣ ይዘጋ የሚል ተነሳ። ሌላው ደግሞ በመሬት መንቀጥቀጥ ምክንያት ይዘጋ ይላል። እኛ ኦክላንድ ያለነው መሬት ሲንቀጠቀጥ ባለሁለት ደርቡ መንገድ መኪና ላይ ሲወርድ ያየን ሰዎች ነን፤ ይኼ ነገር በቶሎ ይገባናል። አይዘጋ የሚሉትም አሉ። ሠራተኛው የት ይሂድ፣ የሱን ቦታ የሚተካውን መብራት ማን ያመጣል፣ ጭስ የሌለው ነገር ተገኝቶ እንዴት ይጣላል ይላሉ።

ሱቋ ውስጥም ክርክሩ ገባ። የኛ ሰው ከሁለት በላይ ሆኖ ከቆመ ምርጫ ይመስለዋል። እኔ ይዘጋ ባይ ሆንኩ። ሰውዬው ያመሰገነውን ነገር እኔ ላመሰግን ነው? እሱ በማይኖርበት ቀን እንኳ ስለ ኑክሌሩ ክፋት እናገር ነበር።

«መሬት ውስጥ የሚቀብሩት ቆሻሻ ለልጅ ልጅ አይሞትም» እላለሁ።

ደንበኛ የሆነ አንድ ታክሲ ነጂ ነበር፤ አፉ ሥራ ፈት። ሻይ ሊጠጣ ይገባና ይሰማኛል። «ጋሼ፣ ሪላክስ ያድርጉ እንጂ» አለኝ አንድ ቀን። «እርስዎ የሚጠሉት ኑክሌሩን ነው ወይስ ኑክሌሩ የሚያሳድረውን ሰው?»

«ዝም በል፣ አንተ ባለጌ።»

«ኧረ ጆሮዎ ቀላ!»

እሷ ከባንኮኒው ጀርባ ሳቀች። ነገሩ ግን አልገባትም።

ፓርኪንጉ ጋ ደግሞ አንዲት ፈረንጅ ደንበኛ ነበረችኝ። አልባኒ የምትኖር፣ ፀጉሯ እንደ ጥጥ የነጣ፣ መኪናዋ ኋላ በተለጣፊ ጽሑፍ የተሸፈነ አሮጊት። ለመኪናዋ ዛፍ ጥላ ሥር ያለችውን ቦታ እይዝላታለሁ፤ እሷ ደግሞ ስለ ኑክሌሩ የታተመ ወረቀት ትሰጠኛለች። እኔ ፊደል የለየሁት በእርጅና ነው፣ ያውም ያገሬን። የእንግሊዝኛውን ሥዕሉን እያየሁ አጣጥፌ ኪሴ እከታለሁ። አንድ ቀን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ያን የወደቀውን መንገድ አነሳሁላትና «ይዘጋ» አልኳት። ደስታዋ! ደረት ላይ የሚሰካ ክብ አርማ አውጥታ ኮቴ ላይ ራሷ ሰካችልኝ። ሳን ሆዜ ላይ የሕዝብ ስብሰባ ስላለ መጥቼ እንድናገርም ለመነችኝ። ተናጋሪው ሁሉ የተማረ ነው፣ እንዳንተ ያለ ሠራተኛ ሰው ያስፈልጋል አለች። እሺ አልኩ።

አርማዬን ሰክቼ ሱቅ ሄድኩ። ቅዳሜ ስለነበር ሰውዬው አለ። የኔን ሳጥን ለኔ ትቶ፣ የራሱን ሳጥን ከየት እንዳመጣ እንጃ፣ ከፍሪዘሩ ማዶ ተቀምጧል። ማዶ የሚለው ቃል በዝቶበታል፤ ሱቋ ጠባብ ናት፣ ጉልበት ለጉልበት ነን።

አርማውን አየና ሳቀ። «ጋሼ! ከሥራ ሊያስፈናቅሉኝ ነው?»

«መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ጋሼ ትለኛለህ።»

«ምን ይደረጋል፣ ከተዘጋም እግዜር ያውቃል» አለ። «ኦክላንድ እገባለሁ። ወደቡ ጋ ብየዳ አይጠፋም። እዚሁ ቴሜስካል ቤት እከራይና በየቀኑ እንገናኛለን።»

እሷ ሽሮ እየመዘነች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ጓዳው ባዶ ነው፤ ቤት እስክታገኝ ዕቃህን ታስቀምጥበታለህ» አለች።

ያን ጓዳ ያጸዳሁት እኔ ነኝ። አይጥ ከውስጡ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለኔ ግን አንድ ቀን «ኮትዎን ያስቀምጡበት» ተብዬ አላውቅም።

ሱቁን ለቅቄ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆምኩና ነገሩን አሰብኩት። እስካሁን ይኼ ሰው የሚመጣው ሥራው እረፍት ሲሰጠው ነው። መጣ፣ ዋለ፣ ረጅሙን መንገድ ነድቶ ተመለሰ። የቀረው ቀን ሁሉ የኔ ነው። ማመንጫው ተዘጋ ማለት ሰውዬው በየቀኑ እዚህ ነው። ካርቶኑን እሱ ያወርዳል፣ መደርደሪያውን እሱ ያቃናል፣ ያውም በያጅ ነው፣ ከኔ አሳምሮ ይሠራዋል። ማመንጫው ክፍት ሆነ ማለት ሰውዬው እዚያ ማዶ ነው። ይኼን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም።

አውቶቡሱ ሳይመጣ ሐሳቤን ቆረጥኩ። ማመንጫው አይዘጋም።

ለአሮጊቷ ግን አልነገርኳትም። የስብሰባው ዕለት በመኪናዋ ይዛኝ ሄደች። መንገዱን ሙሉ ምን እንደምል ታስጠናኛለች፤ እኔ አንገቴን እነቀንቃለሁ። አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ አርማዬን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ። የወደቀብኝ መሰላትና መሬት መሬት ታይልኝ ጀመር።

አዳራሹ ሰርግ ቤት ይመስላል፤ የሙሽራው ወገን በአንድ በኩል፣ የሙሽሪት በሌላ በኩል። በዚህ በኩል አርማ የሰኩት ናቸው፤ ብዙዎቹ እንደኔዋ አሮጊት ሽበታም። በዚያ በኩል የሥራ ጃኬት የለበሱ ሰዎች ከነሚስቶቻቸው፣ ከነልጆቻቸው። ከነሱ መሃል ሰውዬው አለ። ሲያየኝ እጁን አነሳ። እኔ አላነሳሁም።

አንዱ ይነሳና ገንዘብ ይላል፣ ሌላው ይነሳና ማመንጫው ሥር ያለው አለት ተሰንጥቋል ይላል፣ አንዲት እርጉዝ ሴት ተነስታ አለቀሰች። ከሁለቱም ወገን ያለቀሰ ነበር። ተራዬ ደርሶ ተጠራሁ። ማይክሮፎኑ ፊት ቆምኩና ያችኑ እንግሊዝኛዬን ጀመርኩ። «አይ፣ ፓርኪንግ፣ ኦክላንድ» ካልኩ በኋላ ምላሴ ተሳሰረ። ሰብሳቢዋ ሴትዮ ጨዋ ናት፤ ምን ቋንቋ ነው የምትናገረው አለችኝ። አማርኛ አልኳት። ከአዳራሹ አማርኛ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀች።

ማን ሊነሳ ነው? ሰውዬው ተነሳ።

መጥቶ አጠገቤ ቆመ። «ጋሼ፣ በርቱ» አለኝ በሹክሹክታ። «የፈለጉትን ይናገሩ። ይዘጋም ቢሉ አሳምሬ ነው የማስተረጉምልዎት።»

እንዲህ ያለ ሰው እንዴት አያናድድም?

እኔም ተናገርኩ። እንዲህ ነው ያልኩት፤

«እኔ ስለ መብራት አላውቅም። አምፑል ማሰር ግን አውቃለሁ። አዲሷን ሳልይዝ አሮጌዋን አልፈታም፤ ከፈታሁ መሰላሉ ላይ በጨለማ መቅረቴ ነው። መሬት ተንቀጥቅጦ እኛ ሰፈር መንገድ ወደቀ። ሰው ሞተ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ይቅር አላላችሁም፤ አጠንክራችሁ ሥሩ አላችሁ። ይኼንንም አጠንክሩት።»

ሰውዬው ያስተረጉማል። አሮጊቷን ላያት አልፈለግሁም።

«እነዚህ ሰዎች ደግሞ» አልኩ ወደ ጃኬታሞቹ እያመለከትኩ፣ «ሥራቸው እዚያ ነው። እዚያው ይሁኑ። ቤታቸውም እዚያው፣ ኑሯቸውም እዚያው። ከቦታቸው የሚነቀንቃቸው አይኑር። ወደየከተማው አይበተኑ። ኦክላንድ ቦታ የለም፣ ሞልቷል። አንድ ሰው እንኳ አይምጣ።»

ይቺን የመጨረሻዋን እንዴት አድርጎ እንዳስተረጎማት አላውቅም። ድምፁ ተሰበረ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጃኬታሞቹ በሙሉ ተነስተው አጨበጨቡ። አንድ ቁመተ ረጅም ነጭ ሰውዬ መጥቶ አቅፎኝ ከመሬት ሊያነሳኝ ምንም አልቀረውም።

ወደ ኦክላንድ የመለሰችኝ አሮጊቷ ናት። ሳን ሆዜ ላይ ትታኝ ብትሄድ አልፈርድባትም ነበር፤ አልተወችኝም። ሄይዋርድ ስንደርስ «ለምን?» አለችኝ።

«ለሰው ብዬ ነው» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «ገባኝ። ያ ያስተረጎመልህ ጓደኛህ ነው።»

«ጓደኛዬ አይደለም!»

ጮክ ብዬ ስለተናገርኩ ደነገጠች። ቤቴ በር ላይ አውርዳኝ ሄደች።

ብዙም ሳይቆይ ማመንጫው ባለበት ይቀጥላል ተባለ። የኔ ንግግር ነው ያስቀጠለው አልልም፤ ትልልቆቹ በራሳቸው ሒሳብ ነው የጨረሱት። ቴሜስካል ግን እንዲያ አላለም። «ጋሼ ናቸው መዘጋቱን ያስቀሩት» ተባለ። ሱቅ ስገባ ሰው ብድግ ይልልኛል። እሷም «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ አንጀት እንዳለዎት አላውቅም ነበር» ብላ ሳቀችልኝ። ያን ሰሞን ደስ ብሎኝ ከረምኩ። ሰውዬው እዚያ፣ እኔ እዚህ። ሳጥኔ ላይ አዲስ ካርቶን ደለደልኩ።

በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባል የለ? እንደዚያው ነው የሆነው።

አንድ ቀን ፓርኪንጉ ቆሜ ሳለ ሰውዬው ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ። ታክሲ ነጂው አብሮት ነው፤ ያ ሥራ ፈት አፍ ያን ቀን ተለጉሟል፣ መሬት መሬት ያያል።

«ጋሼ» አለ ሰውዬው፣ «ሽማግሌ እንዲሆኑኝ ልለምንዎት ነው የመጣሁ።»

«ለማን?» አልኩ። ማን እንደሆነች አጥቼው አይደለም።

ነገረኝ። «ማመንጫው ቢዘጋ ኖሮ አፌን አልከፍትም ነበር» አለ። «ሥራ የሌለው ሰው ምን ብሎ ሴት ይጠይቃል? አንድ ጓዳ ውስጥ ዕቃዬን ከምሬ፣ የሷን እንጀራ እየበላሁ? ሞቼ ነው! አሁን ግን ሥራዬም አለ፣ ቤትም አለኝ። እርስዎ ነዎት ያቆሙኝ። አገር ቤት ታላቅ ወንድም አለኝ፤ እሱ እንኳ እንዲህ አልቆመልኝም።»

መኪና ገባ። ቦታ አሳየሁትና ተመለስኩ። ሁለቱም እዚያው ቆመዋል።

እንግዲህ ሽማግሌ ሁን የተባለ ሰው እምቢ አይልም። እኔ እዚህ አገር ስንቱን አስታርቄያለሁ፣ ስንቱን ድሬያለሁ፤ በዕድሜ ከሁሉም እበልጣለሁና ቀድሞ የሚጠራው እኔን ነው። እምቢ ካልኩ «ለምን?» ይመጣል። «ለምን?» ከመጣ ደግሞ መልሱ ሳይመሽ ቴሌግራፍን ከጫፍ ጫፍ ያዳርሳል። ታክሲ ነጂውን አየሁት። እሱም አየኝ። ያውቃል፣ ያ ርጉም።

«መቼ ነው?» አልኩ።

ከቅዳሴ በኋላ እሁድ ሆነ። ሦስት ሆነን ሄድን፤ እኔ፣ ታክሲ ነጂው፣ ደግሞ ቁጥር ይሙላ ተብሎ የመጣ አንድ ዝምተኛ የቤተ ክርስቲያን ሰው። ጧት ፀጉር አስተካካይ ቤት ሄጄ ጢሜን ተላጭቼ ነበር። ለማን እንደተላጨሁ አልጠየቅሁም፤ ብቻ ተላጨሁ። ቤቷ ከሱቁ በላይ ነው። ደረጃውን ስወጣ አንድ ነገር አስቤያለሁ፤ ቀዝቀዝ አድርጌ ልናገር። ሽማግሌ ሲያሞቀው ይሞቃል፣ ሲያቀዘቅዘው ይቀዘቅዛል። ውሸት አልናገርም፤ ግን «ጥሩ ሰው ነው ይላሉ» ብዬ ዝም ብል ማን ይከሰኛል? «ይላሉ» የምትለዋን ጫን አድርጌ።

በሩን ከፈተች። ነጭ ለብሳለች። ስታየኝ አፏን በእጇ ያዘች።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች።

«አንቀመጥም» አልኩ፣ ወጉ እንደዚያ ስለሆነ። «የመጣንበት ጉዳይ አለ፤ እሱ ሳይሰማ አንቀመጥም።»

«ጋሼ!» አለችኝ። «እርስዎ በዚያ በኩል ነው የመጡት?»

«በየት በኩል ልምጣ ታዲያ?»

እየሳቀችም እያለቀሰችም ነው። «እኔ እኮ ዛሬ ሽማግሌ ይመጣል ሲባል እርስዎን በአባቴ ቦታ ላስቀምጥዎት ብዬ፣ ጧት ቤትዎ ድረስ ሄጄ አጣሁዎት። እዚህ አገር ከእርስዎ ሌላ አባት የለኝም። ይኸው ወንበሩን አዘጋጅቼልዎታለሁ።»

ጣቷን የተከተለ ዓይኔ ወንበር አየ። መስኮቱ ሥር፣ ከሷ ወንበር በስተቀኝ፣ ትራስ ያለው። የወተት ሳጥን አይደለም፣ እውነተኛ ወንበር። ስንት ዘመን ካርቶን የተሸከምኩላት ሴት ያዘጋጀችልኝ ቦታ ያ ነው።

ሁላችንም ቆመናል። ዝምተኛው ሰውዬ አሳለ። በመጨረሻ ታክሲ ነጂው አዘነልኝ መሰለኝ፣ ወደ ቀልድ ወሰደው። «እንግዲያው ጋሼ በሁለቱም በኩል ይሁኑ። እዚህ ቆመው ይጠይቁ፣ እዚያ ሄደው ተቀምጠው ይመልሱ።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ጥርሴን አሳየሁ።

ጠየቅኳት። እዚያው ቆሜ፣ ለሱ ጠየቅኳት። «ይላሉ» የምትለዋ ቃል ከአፌ አልወጣችም፤ እሷ እንዲያ እያየችኝ የት ትውጣ? ጥሩ ሰው ነው አልኩ፣ ሥራ ወዳድ ነው አልኩ፣ ሰው ያከብራል አልኩ። ሁሉም እውነት ነው።

እሷ እንባዋን ጠረገችና «እንግዲህ አባት ብዬዎታለሁ፣ እንደ አባት ይንገሩኝ» አለች። «ያ ማመንጫ ይዘጋል ወይስ አይዘጋም? አሁን አይዘጋም ብለው ከዓመት በኋላ የሚዘጉት ከሆነ፣ እሱ ቀስ ብሎ ይምጣ፣ እዚሁ ሱቄ ውስጥ እንኖራለን። የማይዘጋ ከሆነ ደግሞ ሱቄን ሸጬ እኔው እሄዳለሁ። ይኼን ሱቅ እንዴት እንዳቆምኩት ያውቃሉ። በከንቱ እንዳልሸጠው። እርስዎ አደባባይ ወጥተው የተናገሩበት ጉዳይ ነው፤ እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ እርስዎ ያሉኝን አደርጋለሁ።»

እኔ ስለ ማመንጫው የማውቀው ሥዕሉን ብቻ ነው። እሷ ግን ከኔ አፍ ትጠብቃለች፤ ሱቋ፣ ኑሮዋ፣ እኔ በምላት አንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሏል።

ይዘጋል ብላት ትቀራለች። ትቀራለች፣ ግን እሱም ይመጣል። ጧት ሱቁን እሱ ይከፍታል። አምፑሏ ስትቃጠል መሰላሉ ላይ የሚወጣው እሱ ነው፤ እሷ ከታች ሆና መሰላሉን ትይዝለታለች። እኔ ፍሪዘሩ አጠገብ ተቀምጬ «ጋሼ፣ ሻይ ላምጣልዎት» እባላለሁ። በየቀኑ። አይዘጋም ብላት ደግሞ ትሄዳለች፤ ሱቁም ሱቅ አይሆንም።

ብዙ አላሰብኩም። ያን መሰላል ሳስበው ደሜ ፈላ።

«አይዘጋም» አልኳት። «ሂጂ።»

እልል ያለው ታክሲ ነጂው ነው፣ ወንድ ሆኖ ሼም የለው። እሷ ዝቅ ብላ ሳመችኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ብትስመኝ ብዬ የተመኘኋት ሴት፣ ያን ዕለት ሳመችኝ፤ ጉልበቴን።

ሱቁን አንድ ከዳሊ ሲቲ የመጣ ሰው ገዛው። ካሴቱን አስወጥቶ የፀጉር ቅባት ደረደረበት። ሳጥኔን ውጭ ከቆሻሻው ጋር አውጥቷት አገኘሁና በአውቶቡስ ይዣት ቤቴ ገባሁ። እሷ አልፎ አልፎ ትደውላለች። «ጋሼ፣ መቼ ነው የሚመጡት? ባሕሩን ያዩታል፣ አየሩ ለጉልበትዎ ይስማማል» ትለኛለች። ከኋላዋ የሱ ድምፅ «እኔ መጥቼ ልውሰድዎት» ሲል ይሰማኛል። ሥራ በዝቶብኛል እላለሁ። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ሥራ በዝቶብኛል እያልኩ ነው።

ፓርኪንጉን ሳልለቅ፣ አሮጊቷ አንድ ጊዜ ተመልሳ መጥታ ነበር። ከስብሰባው ወዲህ መኪናዋን ሌላ ቦታ ነበር የምታቆመው። ያን ዕለት የዛፏ ጥላ ሥር አስገባቻትና መስኮቷን ዝቅ አደረገች። ማመንጫውን ለማስዘጋት እንደገና ፊርማ ልናሰባስብ ነው፣ አሁንስ ምን ትላለህ አለችኝ። አርማዋ ኪሴ ውስጥ ነበረች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አውጥቻት አላውቅም።

«ጓደኛህ አሁንም እዚያ ነው?» አለችኝ።

«ሚስትም አግብቷል።»

«እንኳን ደስ ያለህ በለው።»

አርማዋን አውጥቼ መለስኩላት። «ክፍት ይሁን» አልኳት። «እነሱም እዚያው ይሁኑ።»

አልተናደደችም፤ እንዲያውም ሰው የምወድ መስሏት ትከሻዬን መታ መታ አድርጋኝ ሄደች። እኔም አላረምኳትም።

ሌላው የቀረኝ አምፑል ነው። ቤቴ ውስጥ ያለችው አምፑል እሱ ከሚበይደው ቧንቧ በመጣ ነገር እንደምትበራ ራሱ ነግሮኛል፤ ሳን ሆዜን አልፎ፣ እስከዚህ። እዚህ ያደገችው ልጄ ስትመጣ «ዳድ፣ ተርን ኦን ዘ ላይት» ትለኛለች፤ መብራቱን አብራ፣ ዓይንህ ይጠፋል ማለቷ ነው። እሷ እስክትሄድ አበራለሁ፤ ስትሄድ አጠፋለሁ። ይኼንንም የጻፍኩት በቀን ነው፣ መስኮት ሥር፣ ሳጥኔ ላይ ተቀምጬ።